ሰዓታችንን የማያውቅ ቀጠሮ ያዥ

(አስተያየት — ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ሠልጣኞች በአንዱ የቀረበ)



ባለፈው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ «በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው የቀን መቁጠሪያና የቀጠሮ መያዣ መተግበሪያ ወደፊት ምን ምን ቢሻሻልበት ትወዳላችሁ?» የሚል ጥያቄ ተለጥፎ፣ የፈለገ ሁሉ መልሱን ከሥሩ እንዲጽፍ መጋበዙ ይታወሳል። እኔም ከምሳ በኋላ ቆሜ መልሶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አንዱ ቀለሙ ይመርልኝ ይላል። ሌላዋ በድምፅ ሳዘው ቀጠሮ ይያዝልኝ ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሮበት የጥናት ፕሮግራሜን እሱው ራሱ ያውጣልኝ ብሏል። አራተኛው «ከእንቅልፌ ባይቀሰቅሰኝ ይበቃኛል» ሲል ጽፎ ሁላችንንም አስቆናል።

እሰየው ነው። ማንም ቢሆን ለሚገለገልበት መሣሪያ መሻሻልን መመኘቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ሁሉ መልሶች መካከል «መጀመሪያ ሰዓታችንን ይወቅ» የሚል አንድም ሰው ባለመኖሩ ቅር አለኝ። ነገሩ «ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው» እንደተባለው ሆነና፣ ቀለሙና ድምፁ ሲያድግ የሰዓቱና የቀኑ ነገር ተረስቶ ቀርቷል። ስለዚህ የበኩሌን አስተያየት በዚህች ጽሑፍ ላቀርብ ተነሣሁ። ሐሳቤ ባጭሩ የሚከተለው ነው፤ ለአንድ ቀጠሮ ያዥ የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚገለገልበትን ሕዝብ ሰዓትና ቀን ማወቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነገር አለኝ።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ ለማስተማር ልምምድ በፈረቃ ወደሚያስተምር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። አምስተኛ «ሀ» ጠዋት፣ አምስተኛ «ለ» ከሰዓት በኋላ ይማራሉ። በሁለቱም ክፍሎች አልፎ አልፎ እየገባሁ ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ማታ ስልኬ ጮኸና ከሱፐርቫይዘሬ የተላከ የቀጠሮ መልእክት አየሁ። «ሐሙስ፣ 9:00፣ አምስተኛ ክፍል፣ የማስተማር ግምገማ» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። እሳቸው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ብለው አስበው በኮምፒውተሩ ቋንቋ 9:00 ብለው መዝግበዋል። እኔ ደግሞ 9:00ን 9 ሰዓት ብዬ አነበብኩት። 9 ሰዓት ላይ አምስተኛ «ለ» ሒሳብ ነበረው፤ ስለዚህ ምንም አልተጠራጠርኩም።

ሐሙስ ጠዋት መኝታ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ለክፍልፋይ ትምህርት የሚሆን የማስተማሪያ መሣሪያ ከካርቶን እየቆረጥኩ ቀለም ስቀባ አረፈድኩ። ለካስ በዚያው ሰዓት ሱፐርቫይዘሩ በአምስተኛ «ሀ» የኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻቸውን ይዘው ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። የክፍሉ አስተማሪ «ዛሬ ሠልጣኙ ነው የሚያስተምረው» ስለተባሉ ለሌላ ሥራ ወጥተዋል። 45 ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተው 40 ደቂቃ ጥቁር ሰሌዳ ሲያዩ ቆዩ። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ካርቶኔን ታቅፌ በደስታ ስደርስ፣ የክፍሉ አስተማሪ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ምነው? ሰውየው እኮ ጠዋት መጥተው ሄዱ» አሉኝ። ክው አልኩ።

ሱፐርቫይዘሬ ቅን ሰው ስለሆኑ ነገሩን ሳስረዳቸው ሌላ ቀን ሰጡኝ። የእኔ ነጥብ ተመለሰ። የልጆቹ ክፍለ ጊዜ ግን አልተመለሰም። በማግስቱ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ጠብቀንዎት ነበር እኮ፤ ለምን ቀሩ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። የሒሳብ ተማሪ ነኝና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 45 ልጅ በ40 ደቂቃ ሲባዛ 1800 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሰዓት ሙሉ ባከነ። ይህ ሁሉ በአንድ 9:00 ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ አይደለም ብዬ አልሸሽም። ስልክ ደውዬ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ስንፍና ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች በቅን ልቡና አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሲያነብ የተለያየ ነገር የሚገባቸው ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው መሣሪያም መጠየቅ አለበት። ቀጠሮ ማለት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ እንዲገናኝ ማድረግ ነው። ይህን ማድረግ ያልቻለ ቀጠሮ ያዥ ቀለሙ ቢያምር ምን ይፈይዳል?

የችግሩ ሥር ሁላችንም የምናውቀው ነው። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ግን ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለገበሬውም ለነጋዴውም ለአስተማሪውም የሚስማማ ነው። በዚህ አቆጣጠር እኛ ብቻ አይደለንም፤ በኬንያና በታንዛኒያ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ጠዋት 2 ሰዓት የሚሉት እኛ 2 ሰዓት የምንለውን ነው። እንግዲህ ይህን ማሻሻያ መጠየቅ ለጥቂት ሰዎች ቅንጦት መጠየቅ ሳይሆን በምሥራቅ አፍሪካ ለሚኖር እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚጠቅም ነገር መጠየቅ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ምን ቢሻሻል ይበጃል የምለውን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ሰዓት ራቁቱን አይጻፍ። መተግበሪያው 9:00 ብሎ ዝም ማለት የለበትም። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ወይም «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብሎ የክፍለ ቀኑን ስም አብሮ ይጻፍ። በውስጡ ጊዜውን በአንድ ወጥ መንገድ ይመዝግብ፣ ሲያሳየን ግን ለእያንዳንዳችን በየአቆጣጠራችን ያሳየን። ላኪው በአውሮፓ አቆጣጠር ቢጽፍ ተቀባዩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያንብበው፤ ከሥሩም ሌላው በትንሽ ፊደል ይጻፍ። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። መተግበሪያዎቹ የአገሮችን የሰዓት ልዩነት ዛሬም ያሰላሉ እኮ! ለምሳሌ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ 7 ሰዓት ነው። ስልኩ ይህን ተለዋዋጭ ነገር ሳይሳሳት ያሰላል። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጠውን የእኛን የ6 ሰዓት ልዩነት ማስላት እንዴት ያቅተዋል? ያቃተው አይደለም፤ አልታዘዘም።

ከዚሁ ጋር አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ ከማን ጋር እንደሚቆጠር ለማሳወቅ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» እንላለን። «ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት አውቶቡስ ተራ እንገናኝ» ብለን ብንቀጣጠር፣ ስልኩ በእሱ ሕግ ይህን ማክሰኞ 4:00 ብሎ ይመዘግበዋል። ሰኞ ብሎ የመዘገበ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። መተግበሪያው «ለማክሰኞ አጥቢያ» የምትለዋን ሁለት ቃል ቢያውቅ ኖሮ ስንቱ መንገደኛ ከእንግልት በዳነ ነበር።

ሁለተኛ፣ «በየወሩ ደጋግም» ሲባል የእኛን ወር ይደጋግም። የእድር፣ የማኅበርና የእቁብ ቀናችን በእኛ ወር ነው የሚውለው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት እናት ወር በገባ በ12 የሚውል ማኅበር አላቸው እንበል። ልጃቸው ለማገዝ ብሎ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ስልካቸው ላይ ሲያየው መስከረም 12 ማለት ሴፕቴምበር 22 ሆኖ አገኘውና «በየወሩ በ22 አስታውስ» ብሎ ሞላላቸው። ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22 ስለሆነ ደህና ሄደ። ኅዳር 12 ግን ኖቬምበር 21 ነው፤ ማስታወሻው በ13 ደወለ። ጥር 12 ጃንዋሪ 20 ነው፤ ሁለት ቀን ዘገየ። የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19 ነው፤ ሦስት ቀን ዘገየ። እኒህ እናት ሁለተኛ ስልኩን ያምኑታል? አያምኑትም። «ድሮም እኔ በጣቴ ብቆጥር ይሻለኝ ነበር» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የእኛ አቆጣጠር ለማስላት ከሌላው ይልቅ ቀላል ነው። 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ናቸው። 13ኛዋ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በሉቃስ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ 6 ትሆናለች። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ ቀጣዩ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ነው። ይህን ለማወቅ 5500 እና ዓመቱን ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ይሆናል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራውን ሒሳብ ብዙ ሚሊዮን ስሌት በሰከንድ የሚሠራ ስልክ አላውቅም ሊል አይችልም።

«ይህ ነገር የሚሆን አይደለም» የሚል ካለ ደግሞ ልንገረው። የተለያዩ ድርጅቶች የሠሯቸው መተግበሪያዎች ቀጠሮ የሚላላኩበት አይካሌንደር የሚባል የጋራ ደንብ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ታድሷል። ይህ ደንብ «በየወሩ» እና «በየዓመቱ» ሲባል የሚገባው የጎርጎርዮስ ወርና ዓመት ብቻ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ቀጠሮዎችን በሌሎች ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠርም መደጋገም የሚያስችል ተጨማሪ ደንብ ወጣ፤ በዚያ ሰነድ ውስጥ የኢትዮጵያ 13ኛ ወር በምሳሌነት ተጠቅሷል። እንግዲህ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። በሩ መከፈቱ ብቻውን ግን ቤት አያስገባም፤ የመተግበሪያ ሠሪዎች ደንቡን ሥራ ላይ ማዋል አለባቸው። ለዚህ ደግሞ የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ቀን በስሙ ይጻፍ። 5/6/2018 ተብሎ የተጻፈ ነገር የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ወይስ በፈረንጆቹ ጁን 5? ወይስ ሜይ 6? ሦስት ሰው ሦስት ትርጉም ይሰጠዋል። ዓመቱም ቢሆን አያድነንም፤ ምክንያቱም በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ይህን የረሳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የልጁን ዕድሜ በአንድ ዓመት ያዛንፋል። የወሩ ስም በፊደል ቢጻፍ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክትም መተግበሪያው በግድ የሚያስገባው ቢሆን ይህ ሁሉ ይቀራል።

አራተኛ፣ የሚዘዋወሩትን በዓላት ይወቅ፤ የማያውቀውንም አላውቅም ይበል። የትምህርት ዕቅድ ስናወጣ ከሚያስቸግሩን ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የአጽዋማትና የፋሲካ ቀን በባሕረ ሐሳብ ይሰላል። ለሒሳብ ወዳጆች የ2018 ዓ.ም.ን ልሥራላችሁ። 5500 ሲደመር 2018 ይሆናል 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ሲካፈል 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 በ25 ላይ ሲጨመር 34፤ 30 ሲነሣ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። አያችሁ? ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሊቃውንቱ ያለ ኮምፒውተር ሲሠሩት የኖሩትን ስልካችን የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የሙስሊም ወገኖቻችን በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ስለዚህ ኢድም፣ አረፋም፣ መውሊድም ከእኛ ወራት አንጻር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ። ትክክለኛው ቀን የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ በመሆኑ፣ መተግበሪያው «ኢድ በዚህ ቀን ነው» ብሎ አስቀድሞ መፍረድ የለበትም። «በዚህ ቀን ወይም በማግስቱ ሊሆን ይችላል» ብሎ ሁለቱንም ቀናት በተለየ ምልክት ያስቀምጥ፤ ፈተና እዚያ ላይ ለማስገባት የሚሞክር ርእሰ መምህር ካለም ያስጠንቅቀው። በኢድ ዋዜማ «ነገ ፈተና አለ ወይስ የለም?» እያለ የሚጨነቅ ተማሪ ሊኖር አይገባም።

አምስተኛ፣ የአስተማሪን ሥራ ይወቅ። እስካሁን ያሉት መተግበሪያዎች የተሠሩት ለቢሮ ስብሰባ ነው። የእኛ ቀን ግን በክፍለ ጊዜ የተከፋፈለ ነው፤ ፈረቃ አለ፣ ደወል አለ፣ ሴክሽን አለ። አንድ አስተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሴክሽን ውስጥ ቢመደብ ይንገረን። ሰኞ በዓል ሆኖ ቢዘጋ፣ ሰኞ ብቻ ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ስንት ክፍለ ጊዜ እንደጎደላቸው ቆጥሮ ያሳየን፤ ማካካሻ የሚሆን ባዶ ሰዓትም ይፈልግልን። ሁላችንም እንደምናውቀው በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ አንዱ ሴክሽን ምዕራፍ ሰባት ሲደርስ ሌላው ምዕራፍ አምስት ላይ የሚቀረው በአስተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የጎደለውን የሚቆጥር ስለሌለ ጭምር ነው።

የጋራ ፕሮግራም ሲሆንም ምስጢር ይጠበቅ። ባልደረባዬ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዳለባት ማወቅ ይበቃኛል፤ ክሊኒክ ልትሄድ ይሁን ፍርድ ቤት እኔን አያገባኝም። መተግበሪያው ለሌላው ሰው «ተይዟል» ብቻ ይበል።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ መብራት ሲጠፋና ኔትዎርክ ሲቋረጥ አብሮ አይጥፋ። ነገ የምንመደብባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ሁሉ ኔትዎርክ አላቸው ብለን ራሳችንን አናታልል። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ ኔትዎርክ ሲመጣ የጎደለውን ያሟላ። ማስታወሻውን በተራ የጽሑፍ መልእክት ባለ ተራ ስልኮችም መቀበል ይቻል። ከሁሉም በላይ የሳምንቱን ፕሮግራም በአንድ ገጽ አትሞ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የሚያስችል ይሁን። ስልክ ያለው አንድ ሰው ለመቶ ሰው የሚያደርሰው በግድግዳ ነው፤ ይህን ከእኛ ከግድግዳ ጋዜጣ አንባቢዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አሁን ደግሞ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎችን እንይ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለምን በፈረንጆቹ ሰዓትና ቀን አንገለገልም? ዓለም የሚሠራበት አይደል? ችግሩ በአንድ ጊዜ ይወገድ ነበር» ይላሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም፤ አውሮፕላን ማረፊያም ባንክም የሚጠቀሙበት አቆጣጠር ነውና ሁላችንም ማወቅ አለብን፣ ለልጆቹም ማስተማር አለብን። ነገር ግን አቆጣጠር እንደ ሸሚዝ በአንድ ቀን አይለወጥም። እናቴ ማኅበሯን፣ ገበሬው የዘር ጊዜውን፣ ትምህርት ቤቱ መስከረምን ይዘው ነው የሚኖሩት። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በ1582 እ.ኤ.አ. አቆጣጠራቸውን ሲያስተካክሉ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ኦክቶበር 15 ብለው አሥር ቀን ዘለሉ፤ ይህን ያልተቀበሉ አገሮች ግን ከመቶ ዓመታት በላይ በአሮጌው ቀጥለዋል። መሣሪያ ለሰው ይሠራል እንጂ ሰው ለመሣሪያ አይሠራም። ስልኩ በደቂቃ ሊማር የሚችለውን ነገር፣ ሕዝቡ በትውልድ ይልመደው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌሎች ደግሞ «የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ መተግበሪያ እኮ አለ፤ አውርደህ ብትጠቀም ምን ቸገረህ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ አለ። እኔም ጭኛለሁ። ሠሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ቀኑን ማየትና ቀጠሮ መላላክ ለየቅል ነው። ቀኑን የማየው በአንዱ፣ ቀጠሮ የሚመጣልኝ በሌላው ከሆነ፣ በመካከል የማስላው እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ መነጋገር አለባቸው። የምጠይቀውም ይህንኑ ነው።

«ማን ይሰማሃል?» ለሚለኝ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሰው። የፊደላችን ነገር እንዴት እንደነበረ ታላላቆቻችንን ጠይቁ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ጭረት ይሆን ነበር፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበረ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባና ይኸው ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ችግር እንጻጻፋለን። ያ ነገር ከሰማይ አልወረደም። ሰዎች ተጠይቀው፣ ሰዎች ሠርተውት ነው የመጣው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ሰዓታችንም ካልተናገርንለት ይቀራል።

ታዲያ እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። መሣሪያው እስኪሻሻል እኛ እንሻሻል። የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች በየሴክሽናችን ከዛሬ ጀምረን ሥራ ላይ እንድናውላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውንም የቀጠሮ መልእክት ስንጽፍ ከቁጥሩ በፊት «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚል ቃል ሳናስቀር እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ወሩን በስሙ እንጻፍ። ሦስተኛ፣ ቀጠሮ የተቀበለ ሰው «እሺ» ብቻ አይበል፤ «እሺ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ደግሞ ይመልስ። ይህችን ሦስተኛዋን እኔ ብሠራባት ኖሮ እነዚያ 45 ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ሲያዩ ባልቆዩ ነበር።

በተጨማሪም የኮምፒውተር ዝንባሌ ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ ሌሎቻችን የሚያስፈልገውን እየጻፍን፣ እናንተ ደግሞ በሚገባቸው ቋንቋ እያዘጋጃችሁ ለመተግበሪያ ሠሪዎች የምንልከው አንድ የጋራ ማመልከቻ ብናዘጋጅ መልካም ይመስለኛል። ሐሳብ ያላችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በተተወው ባዶ ቦታ ላይ ጻፉ። የማትስማሙም ጻፉ፤ መከራከሩ ይጠቅመናል። ለዚህ ጉዳይ የምንገናኘው ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ነው። ልብ በሉ፣ ከቀኑ ብያለሁ።

በነገራችን ላይ ያ የካርቶን ክፍልፋይ አሁንም አለኝ። ዘንድሮ ለልምምድ ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ። ሰዓቱን ግን ደውዬ አረጋግጬ ነው።

ቸር ይግጠመን።